ያልጮኸው ጠመንጃ

ጠመንጃው አልተኮሰም። «ጠቅ» ብሎ ዝም አለ። የደነበርኩት እኔ ነኝ፤ ትከሻዬ ወደፊት ተወረወረ፣ ዓይኔ ተጨፈነ፣ አፈሙዙ ጠረጴዛውን ሊስም ምንም አልቀረው። አጠገቤ የተቀመጡት ጋሼ አንዲት ቃል አልተናገሩም። የጆሮ መከላከያቸውን ወደ አንገታቸው አወረዱና ከቴርሞሱ ሻይ ቀዱ።

ይህ የሆነው በ2024 ሰመር፣ ኮሎራዶ ውስጥ ኦሮራ ከተማ አጠገብ፣ ቼሪ ክሪክ ስቴት ፓርክ ካለው የተኩስ ሜዳ ነው። ያቺ «ጠቅ» እስካሁን አልተወችኝም። የሌሊት ሥራ ጨርሼ ባዶ መንገድ ላይ ስነዳ ትመጣለች፤ አንዳንዴ ቅዳሴ ላይ ቆሜም ትሰማኛለች። ኪስ የማይጎዳ የአደን ጠመንጃ ስለመምረጥ ልጽፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተውኩት። ስለ ብረቱና ስለ ዋጋው ላውራ ብዬ እነሳለሁ፣ ነገሩ እየጎተተ እዚያች ጠረጴዛ ላይ ይመልሰኛል። ስለዚህ ከእሷው ጀመርኩ።

ምሰሶው ላይ የተሰቀለው

ያደግኩት የጠመንጃ ድምፅ በሚሰማበት፣ ዒላማ ግን በማይታወቅበት ቤት ነው። ጎጃም፣ አያቴ ቤት፣ ምሰሶው ላይ አንድ ምንሽር ተሰቅሎ ነበር። ሁለት በሬ ተሽጦ ተገዛ ይባላል። ታላቁ አጎቴ ሦስት ነው ይላል። እኔ አሜሪካ ከገባሁ ወዲህ አራት ደርሷል፤ በሬዎቹ በየዓመቱ ይወልዳሉ መሰለኝ።

አያቴ በዚያ ምንሽር ምን እንደገደሉ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። የተተኮሰባቸውን ቀኖች ግን ቤተሰቡ ሁሉ በቃሉ ይዟቸዋል፤ የእገሊት ሰርግ፣ የእገሌ ለቅሶ፣ ታቦቱ ዝናብ ውስጥ የገባበት የዚያ ዓመት ጥምቀት። ጥይቱ ወደ ሰማይ ይሄዳል፣ ድምፁ ሸለቆውን ዞሮ ይመለሳል፣ ከማዶ ያለው ገበሬ ሞፈሩን ይዞ ቆም ይልና «የእነ እገሌ ምንሽር ናት» ይላል። ጠመንጃ የሚታወቀው በጩኸቱ ነበር። ውጅግራ ሌላ ድምፅ፣ ቤልጅግ ሌላ ድምፅ አላት። የት እንዳረፈ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ሰማይ ዒላማ የለውም።

ልብ ካልነው ውጅግራም፣ ምንሽርም፣ ቤልጅግም በእጀታ የሚቀባበሉ ናቸው፤ ታነሳለህ፣ ትስባለህ፣ ትገፋለህ፣ ትቆልፋለህ። እዚህ ሰው «ቦልት አክሽን» የሚለው ይህንኑ ነው። ውጅግራ የሚባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ ከ1874 ጀምሮ ሲሠራ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርስ ነበር። ኮሎራዶ ባንኮኒ ላይ የተደረደሩት ባለ ፕላስቲክ ሰደፎች የእሱ ዘመዶች መሆናቸውን ያወቅኩት በእጄ አቀባብዬ ሳየው ነው። እጄ እንቅስቃሴውን ያውቀዋል። አያቴ ሲወለውሉ ጎናቸው ተቀምጬ መቶ ጊዜ አይቼዋለሁ።

ሦስት ቀን ነበረኝ

አደን ያስጀመሩኝ ጋሼ ናቸው። በንጉሡ ጊዜ ወታደር ነበሩ፤ የተማሩበት መሣሪያ አሜሪካ ለኢትዮጵያ የሰጠችው ኤም ዋን ነው። በቤተ ክርስቲያን ነው የምንተዋወቀው። እዚህ አገር አርባ ዓመት ኖረው በየዓመቱ ኦክቶበር ሲመጣ ወደ ምሥራቁ ሜዳ ይወጣሉ።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በኮሎራዶ ሕግ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ጀምሮ የተወለደ ሰው የአደን ደኅንነት ትምህርት ካልወሰደ ፈቃድ አያገኝም። የጋሼ ወረቀት ላይ ያለው ልደት፣ የብዙ ሐበሻ ስደተኛ እንደሆነው ሁሉ፣ ጃንዋሪ 1 ነው። ዓመቱ ደግሞ 1949። «ቅጹን የሞላልኝ አስተርጓሚ አንድ ቀን ቀደም አድርጎ የ1948 ዲሴምበር 31 ቢል ምን ነበረበት? ከአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ጋር ክፍል አስገባኝ» ይላሉ። እናታቸው የነገሯቸው ልደት ለሐምሌ ሥላሴ ነው።

እኔም ኮርሱን ወሰድኩ። ዕጣው ወጣልኝና አንዲት ሴት ፕሮንግሆርን የማደን ፈቃድ አገኘሁ። ሚዳቋ እንበላት፤ ምንም እንኳ በሕይወት ካሉት እንስሳት ሁሉ የቅርብ ዘመዷ የቀጭኔ ወገን ነው ቢባልም። ከበግ ብዙም የማትበልጥ፣ ሃምሳ ኪሎ የማትሞላ ፍጥረት ናት። ጋሼ «ቅዳሜ አብረን ሄደን ጠመንጃ እንመርጣለን» አሉኝ። እኔ ሐሙስ ሄድኩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለካ ለእኔ ነው።

ባንኮኒው ላይ ሁለት ጠመንጃ አወጡልኝ። አንድ ዓይነት ሥሪት፣ አንድ ዓይነት ጥቁር ፕላስቲክ ሰደፍ፣ ሁለቱም ከነማነጣጠሪያ መነጽራቸው፣ ዋጋቸው እስከ ሳንቲሟ እኩል፤ ከአምስት መቶ ዶላር ዝቅ ይላል። ልዩነታቸው የሚጎርሱት ጥይት ብቻ ነበር። አንደኛው 308 ዊንቸስተር፣ ሌላኛው 300 ዊንቸስተር ማግነም። ሁለቱን ጥይቶች ባንኮኒው ላይ ጎን ለጎን አቆሟቸው። ማግነሙ ረጅም፣ ወፍራም፣ ወገቡ ላይ መቀነት የታጠቀ ነው። ሌላው አጠገቡ ታናሽ ወንድሙ ይመስላል።

በእኩል ዋጋ ትልቁን የማይወስድ ሰው አለ? ሻጩ «ይሄ ለኤልክም ይሆንሃል» ሲለኝ ደግሞ፣ ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን በዓይኔ አይቼ የማላውቅ ሰው፣ ራሴን ነቀነቅኩ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

ከኦክቶበር 2023 ወዲህ ኮሎራዶ ውስጥ መሣሪያ የገዛ ሰው ሦስት ቀን ይጠብቃል። የገዢው የኋላ ታሪክ ማጣራት ቢያልቅም ሦስቱ ቀን ሳይሞላ አይሰጡህም። ሰው እንዲያስብበት ነው። እኔ ሦስቱን ቀን አገር ቤት ስደውል አሳለፍኩት። ለአባቴ ጥይቱ ከጣቴ እንደሚረዝም ነገርኩት። «እንግዲህ ድምፁ!» አለ አባቴ።

ዘጠኝ ቀዳዳ

ድምፁስ አላሳፈረኝም። የመጀመሪያውን ስተኩስ በግራና በቀኝ ያሉት ሰዎች ዞረው አዩኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። ከዚያ በ100 ያርድ ላይ የተሰቀለውን ወረቀት በመነጽር አየሁት። ንጹሕ ነው። ሁለተኛው ጥግ ላይ። ሦስተኛው ወረቀቱን የያዘው እንጨት ላይ። ዘጠኝ ጥይት ተኩሼ ቀዳዳዎቹ እንደተበተነ ሽምብራ ነበሩ። ሦስቱን ከነጭራሹ አላገኘኋቸውም። ትከሻዬ ማታ ሰማያዊ ሆነ።

ጋሼ ዘንድ ሄጄ «ርካሽ ስለሆነ ነው፤ በርሜሉ ጠማማ ነው» አልኳቸው። ይህን ስል እርግጠኛ ነበርኩ። ርካሽ ዕቃ ገዝቶ የተበላሸበት ሰው የሚሰማው ዓይነት እርግጠኝነት ነው፤ ከዕቃው በቀር የሚጠየቅ የለም።

በሚቀጥለው ሳምንት አብረን ሄድን። መጀመሪያ ጠመንጃውን መረመሩ። መነጽሩን የያዙትን ብሎኖች በመፍቻ ነኩ፤ ሁለቱ ላልተው ነበር፣ አጠበቁ። ከኪሳቸው አንድ ዶላር አውጥተው በበርሜሉና በሰደፉ መካከል አስገቡና እስከ ኋላ ድረስ ጎተቱት፤ የትም አልያዘውም። በርሜል ሰደፉን ከነካ ጥይቱ ቦታውን ይቀያይራል፤ ያንን ነበር የሚያዩት። ከዚያ ተቀመጡ፣ ሦስት ተኮሱ፣ በየመካከሉ በርሜሉ እስኪበርድ ሻይ ጠጡ። ወረቀቱን ስናመጣው ሦስቱ ቀዳዳዎች በቡና ሲኒ አፍ ይሸፈናሉ።

«ጠማማው በርሜል ይሄ ነው?» አሉ።

ዝም አልኩ። «ና ተቀመጥ፤ እኔ ላጉርስልህ፣ አንተ ዝም ብለህ ተኩስ» አሉኝ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ጥይት ያስገባሉ፣ ያቀባብላሉ፣ ያቀብሉኛል። አንድ። ሁለት። ሦስተኛውን አነጣጠርኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ቃታውን ሳብኩ።

ጠቅ።

ባሩድ የሌለው፣ ለመለማመጃ የሚሸጥ የውሸት ጥይት ነበር። የሆነውን ከላይ ነግሬያችኋለሁ፤ ነገር ግን ደጋግሜ የማስበው ስለሆነ እንደገና ልመለስበት። ጠመንጃው ሲጮኽና ሲራገጥ ምኑም አይታይም። ጩኸቱ ሁሉን ነገር ይሸፍናል፤ አፈሙዙ የተንቀሳቀሰው በርግጫው ነው ወይስ በእኔ የሚለይበት መንገድ የለም። ድምፁ ሲወሰድ ግን የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ብረቱ ጸጥ ብሎ በተቀመጠበት አንድ ጎልማሳ ሰውዬ በገዛ እጁ መሣሪያውን ወደ መሬት ይደፍቃል። ጥይቱ ከመውጣቱ በፊት ዓይኔን ጨፍኜያለሁ ማለት ነው። ዘጠኙንም ጊዜ ጨፍኜ ነበር። እኮ እነዚያ ቀዳዳዎች እንዴት አይበተኑ!

የገረመኝ ደግሞ ፈርቻለሁ ብዬ አለማሰቤ ነው። ጠይቃችሁኝ ቢሆን እየተዝናናሁ ነው እላችሁ ነበር። ፍርሃቱ እኔን ሳያማክር ትከሻዬ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። የዚያን ዕለት ስንት ሌላ ነገር ላይ እንደዚህ ዓይኔን ጨፍኜ ይሆን ብዬ አሰብኩ። መልሱን አልፈለግኩትም፣ ተውኩት።

ጋሼ ሻያቸውን ጨረሱና «በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ» አሉ። ይህን ብቻ። እኔ በቅሎዋ፣ ማግነሙ ቃጭሉ። ሳቅኩ፣ ግን ፊቴ ይቃጠል ነበር። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ተናገሩ።

«እኔም እፈራዋለሁ።»

«ምኑን ጋሼ?»

«ይሄን ያንተን። ሦስት ተኩሼበታለሁ፣ አራተኛውን ብተኩስ እንዳንተ እደነብር ነበር። ለዚህ አይደል 308 የያዝኩት?»

የንጉሡ ወታደር እንዲህ ሲሉ ሰምቼ የት እንደምገባ ጠፋኝ። በእኛ ቤት ጠመንጃ እፈራለሁ ያለ ወንድ አልነበረም። ቢፈራም ሰማዩ አይናገርበትም።

ምኑ ነው የረከሰው

ያን ጠመንጃ መልሼ ሸጥኩት፤ ከገዛሁበት ግማሹን ትንሽ አለፍ አድርገው ሰጡኝ። የዘጠኝ ጥይት ትምህርት ቤት ክፍያ ነው ብዬ ቆጠርኩት። ሁለተኛውን ስገዛ ግን ቅዳሜን ጠበቅኩ፤ በመካከሉም ስለ ርካሽ ጠመንጃ ያለኝ ሐሳብ ተገለበጠ።

ድሮ በርሜልና አካል የሚጋጠሙት በባለሙያ እጅ ነበር። ጥይቱ የሚቀመጥበት ክፍተት ፀጉር የምታህል ቢዛነፍ አደጋ ስለሆነ ብረቱ እየተሞረደ፣ እየተለካ ይሠራ ነበር። ያ የሰው ጊዜ ነው ጠመንጃን ውድ የሚያደርገው። ሳቬጅ በ1958 ሞዴል 110ን ሲያወጣ በርሜሉን በመለኪያ ልክ አጥብቆ በቀለበት ዳዶ ቆለፈው፤ ሙረዳው ቀረ። ቀለበቷ ከውጭ ትታያለች፣ ታስቀይማለች፣ ብዙ ሰው አይወዳትም። ግን ሥራዋን ትሠራለች። ከ2010 ወዲህ የመጡት ርካሾቹ፣ ሳቬጅ አክሲስ፣ በ2012 ገበያ የገባው ሩገር አሜሪካን፣ በ2015 የመጣው ሞስበርግ ፓትሪየት፣ ቁጠባቸው እንዲህ ባለው ነገር ላይ ነው፤ በፕላስቲኩ፣ ባልተወለወለው ብረት፣ እንደ አሸዋ በሚንኮሻኮሽ እጀታ። በርሜሉ ላይ አይደለም። በርሜሉ ከእኔም ከአብዛኛው ገዢም ይሻላል።

ስለዚህ ሰው ሲጠይቀኝ ስለ ጠመንጃው ብዙ አላወራም። ትከሻህ ላይ አድርገው እላለሁ፤ ዓይንህን ጨፍነህ አንሳውና ስትገልጠው መነጽሩ መሐል እያየህ ነው ወይ? ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል። እጀታውን አስር ጊዜ አቀባብለው፤ ጣትህ መነጽሩን ይመታል? ለዚህ እኔ ሩገሩን መረጥኩ። እጀታው ሰባ ዲግሪ ብቻ ስለሚነሳ በወፍራም ጓንት እንኳ ለእጅ ቦታ ይተዋል፤ መጠበቂያው ደግሞ አውራ ጣት የሚያርፍበት ላይ ነው። ሌላ ሰው ሌላ እጅ አለው።

የጥይቱን ነገር ግን አልደራደርም። ሕጉ ራሱ ብዙ አይጠይቅም፤ በኮሎራዶ ለሚዳቋና ለአጋዘን ጥይቱ ውፍረቱ ከስድስት ሚሊሜትር፣ ክብደቱ ከ70 ግሬን (የጥይት መመዘኛ ነው) አይነስ፣ ለኤልክ ከ85 ግሬን አይነስ ይላል። 308ቱ ይህን ሁሉ በሰፊው ያልፋል። በ1952 ከወጣ ጀምሮ በየሱቁ አለ፤ እኔ በገዛሁበት ጊዜ ሃያ ፍሬ የያዘው ፓኬት ከማግነሙ በሃያ ዶላር ገደማ ይረክስ ነበር። ይህን ያልቆጠርኩት ለምንድን ነው? ጠመንጃ አንዴ ይገዛል፣ ጥይት ሁልጊዜ ይገዛል። በማግነሙ ሁለት ፓኬት ብተኩስ ኪሴም ትከሻዬም እምቢ ይሉ ነበር። በ308ቱ እስከ ኦክቶበር ድረስ አሥር ፓኬት ጨረስኩ። ጋሼ ከእያንዳንዱ ፓኬት ውስጥ ሁለት ሦስት የውሸት ጥይት እየደባለቁ ነው የሚያጎርሱኝ።

ከነጠመንጃው የሚሸጠውን መነጽር ግን ይቅርባችሁ እላለሁ። ቀን ላይ ጥሩ ነው። ጀንበር ስትጠልቅ፣ እንስሳው በሚወጣበት ሰዓት፣ ውስጡ ዳጉሳ ጠላ ይመስላል።

ከላይመን ወዲያ

ከላይመን ከተማ ወደ ምሥራቅ ያለው አገር ዛፍ የለውም። ሣር፣ ሽቦ አጥር፣ ነፋስ። ሚዳቋዋ ከሩቅ ታያችኋለች፤ ብትሮጥ ደግሞ ከምድር እንስሳ የሚበልጣት አቦሸማኔ ብቻ ነው። ሁለታችንም ሕጉ የሚያዘውን ብርቱካናማ ሰደርያና ቆብ አድርገን፣ ከሩቅ ሁለት የመንገድ ሠራተኞች መስለን፣ በሆዳችን ተሳብን። ክርኔ ላይ የቁልቋል እሾህ ተሰካ። ጋሼ በሰባ አምስት ዓመታቸው ከእኔ ቀድመው ይሳባሉ።

መቶ ስድሳ ያርድ ያህል ላይ አምስት ሆነው ቆመዋል። አንዷ ጎኗን ሰጠችኝ። ቦርሳዬን አስደግፌ አነጣጠርኩ። ጋሼ በሹክሹክታ «የትኛውን እንዳጎረስኩህ አላውቅም» አሉኝ። ውሸታቸውን ነው፤ አደን ላይ እንዲህ አይቀለድም፣ ያጎረስኩትም እኔው ነኝ። ግን ሠራልኝ። ጠቅ ልትል ትችላለች ብዬ ሳብኩት።

ርግጫውን አላስታውሰውም። የማስታውሰው መነጽሩ ውስጥ ሚዳቋዋ ስትንበረከክ ማየቴን ነው። ማየቴን! ዓይኔ ተገልጦ ነበር። ጋሼ ቢላዋቸውን መዘው፣ ብርቱካናማ ሰደርያቸው እየተንቀለቀለ፣ ሳትሞት ለመድረስ ሮጡ። «በስመ አብ» ሲሉ ድምፃቸው በነፋሱ መካከል ደረሰኝ። ደረሱባት አልደረሱባትም የሚለው ነገር ቤት ስገባ ሌላ ችሎት አስነሳ፤ ባለቤቴ በክት ነው ብላ ድስቷን ከለከለችኝ፣ ጋሼ በስልክ ቀርበው መሰከሩ፣ በመጨረሻ ለብቻ ድስት ተፈቀደልኝ። ጥብሱ ጥሩ ነበር።

እሑድ አባቴ ጋ ደወልኩ። ሚዳቋ መጣሌን ሲሰማ እልል ሊል ምንም አልቀረው።

«ስንት ተኮስክ?»

«አንድ።»

«አንድ ብቻ?» አለ፤ ቅር ብሎታል። ትንሽ ቆየና «ድምፁስ? ድምፁ እንዴት ነው?» አለኝ።

«ጆሮዬን ደፍኜ ነበር አባዬ፣ አልሰማሁትም።»

ዝም አለ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ። አልተቆረጠም ነበር።